ራም ጨመርን፤ ታዲያ ለምን «ሚሞሪ የለም» ይለናል?

በዲፓርትመንታችን የቪዲዮ ኤዲቲንግ ኮርስ የወሰደ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃት አንዲት መልእክት አለች። ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ ብዙውን ጊዜም በማስረከቢያው ቀን ዋዜማ፣ ስክሪኑ መሃል ብቅ ትልና «በቂ ሚሞሪ የለም» ትላለች። ፕሮግራሙ ይዘጋል፤ ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ምክር ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ራም ጨምር»።

ይህ ምክር አንዳንዴ ትክክል ነው። አንዳንዴ ግን የገንዘብ ማባከኛ ነው። አንድ የባቻችን ልጅ ከቤት ለትራንስፖርትና ለፎቶ ኮፒ ከሚላክለት ላይ አጠራቅሞ ለአሮጌው ዴስክቶፑ ራም ገዛ፤ 2 ጊጋባይት የነበረውን 8 አደረሰው። የሸጠለት ሰው «ከእንግዲህ እንደ ጥይት ነው» ብሎ ሸኘው። ያቺ መልእክት ግን እዚያው ፕሮጀክት ላይ፣ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሳ መጣች። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም፤ የተገዛው ራምም ፎርጅድ አልነበረም። ነገሩ ሌላ ነው።

እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ እንጂ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ አይደለሁም። ነገር ግን ቪዲዮ፣ ድምፅና ፎቶ የምናቀናብረው በኮምፒውተር እስከሆነ ድረስ የመሣሪያችንን ጠባይ ማወቅ የሙያችን አካል ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን ማወቅ አለበት። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ፕሮግራም ሊጠቀምበት የሚችለው የሚሞሪ መጠን የሚወሰነው በገዛነው ራም ብቻ አይደለም። ፕሮሰሰሩ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙና ፕሮግራሙ ራሱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጣሪያ አላቸው። ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ የሚወስነው ከሁሉም ዝቅተኛው ጣሪያ ነው።

ሚሞሪና አድራሻ

የኮምፒውተር ሚሞሪ ማለት በአጭሩ በተርታ የተደረደሩ እጅግ ብዙ ትናንሽ ሳጥኖች ማለት ነው። እያንዳንዷ ሳጥን 1 ባይት ትይዛለች። ፕሮሰሰሩ ከአንዷ ሳጥን ለማንበብ ወይም እሷ ውስጥ ለመጻፍ ቁጥሯን መጥራት አለበት። ይህ ቁጥር አድራሻ ይባላል። አድራሻ የሌላት ሳጥን ብትኖርም እንደሌለች ትቆጠራለች።

ይህን በስልክ ቁጥር ብናየው ይቀለናል። የአዲስ አበባ የቤት ስልክ ቁጥር እስከ 1997 ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ 6 አሃዝ ነበር። በ6 አሃዝ ከ000000 እስከ 999999 ቢቆጠር የሚገኘው ቢበዛ 1 ሚሊዮን ቁጥር ነው። 2 ሚሊዮን የስልክ ቀፎ ገዝተን ብናስገባ እንኳ ግማሹ ቁጥር አያገኝም፤ የቤት ጌጥ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው ቀፎ መጨመር ሳይሆን አሃዝ መጨመር ነው። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ቁጥሩ 7 አሃዝ ሲሆን ጣሪያው በአንድ ጊዜ 10 እጥፍ አደገ። እንግዲህ ራም ማለት ቀፎው ነው፤ አድራሻ ማለት ደግሞ ቁጥሩ ነው።

ኮምፒውተር እንደ እኛ ከ0 እስከ 9 አይቆጥርም፤ የሚያውቀው 0 እና 1 ብቻ ነው። እያንዳንዱ አሃዝ ቢት ይባላል። ስለዚህ አንድ ቢት ሲጨመር የአድራሻው ብዛት እጥፍ ይሆናል። በ16 ቢት 65,536 አድራሻ፣ ማለትም 64 ኪሎባይት ይገኛል። በ32 ቢት ደግሞ 4,294,967,296 አድራሻ፣ ማለትም 4 ጊጋባይት ይገኛል። ያ ነው ታዋቂው የ4 ጊጋባይት ጣሪያ። ማንም ኩባንያ በስብሰባ የወሰነው ሳይሆን 2 በራሱ 32 ጊዜ ሲባዛ የሚመጣ ውጤት ነው።

እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ከተማ አለው

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ወርድ፣ ብሮውዘርና ኤዲቲንግ ሶፍትዌር በአንድ ጊዜ ቢከፈቱ ያንን 4 ጊጋባይት አድራሻ ይካፈሉታል ማለት ነው? አይካፈሉትም። በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ፕሮሰስ ይባላል፤ እያንዳንዱ ፕሮሰስ ደግሞ ሙሉ የአድራሻ ዝርዝር ለብቻው ይሰጠዋል። በአዳማም በባህር ዳርም «የቤት ቁጥር 101» የሚባል ቤት ሊኖር ይችላል፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ቤቶቹ ግን የተለያዩ ናቸው። በኮምፒውተርም እንደዚሁ ነው። አንድ ፕሮግራም የሚጠራው አድራሻ ቨርቹዋል አድራሻ ይባላል። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያዘጋጀውን ማውጫ ፕሮሰሰሩ እያየ ያንን አድራሻ ወደ እውነተኛው የራም ቦታ ይቀይረዋል። ማውጫው ሚሞሪውን የሚከፋፍለው አብዛኛውን ጊዜ በ4 ኪሎባይት ገጾች ነው።

ይህ አሠራር ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ሚሞሪ ማየትም ማበላሸትም አይችልም። ሁለተኛ፣ ራም ሲሞላ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለጊዜው የማይፈለጉትን ገጾች ወደ ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ያስቀምጣቸዋል።

ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር በላብም በቤትም ይጠቅመናል። ራም ሲያንስ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፤ የሃርድ ዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ እኛ ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን። አድራሻ ሲያልቅ ግን ኮምፒውተሩ ደህና ሆኖ ሳለ አንዱ ፕሮግራም ብቻ መልእክት አውጥቶ ይዘጋል። የመጀመሪያው በሽታ መድኃኒቱ ራም ነው። ሁለተኛው ግን ራም ቢጨመርለት አይድንም።

ከ64 ኪሎባይት እስከ 4 ጊጋባይት

ይህ የአድራሻ ጥበት አዲስ ነገር አይደለም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው 8086 የተባለው ፕሮሰሰር አድራሻው 20 ቢት ስለነበር ከ1 ሜጋባይት በላይ ማየት አይችልም ነበር። ያንንም ቢሆን በ64 ኪሎባይት ቁራጭ ቁራጭ ነበር የሚያየው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ፒሲ የተባለውን ኮምፒውተሩን ሲያወጣ ከዚያ 1 ሜጋባይት ላይ 640 ኪሎባይቱን ለፕሮግራሞች ሰጥቶ የቀረውን ለስክሪንና ለሲስተሙ ያዘው። ፕሮግራመሮች በዚያ 640 ኪሎባይት ለብዙ ዓመት ሲታገሉ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1982 የመጣው 80286 ወደ 24 ቢት፣ ማለትም ወደ 16 ሜጋባይት ከፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 የመጣው 80386 ደግሞ 32 ቢት ሆነና 4 ጊጋባይት ደረሰ። በወቅቱ 4 ጊጋባይት እንደ ባሕር ነበር፤ ማንም የሚሞላው አይመስልም ነበር።

በሌሎች ፕሮሰሰሮች ላይ ታሪኩ ትንሽ ይለያል። አፕል እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ማኪንቶሽ ሞቶሮላ 68000 በተባለው ፕሮሰሰር ይሠራ ነበር። ይህ ፕሮሰሰር ውስጡ 32 ቢት ሆኖ ለአድራሻ የሚጠቀመው ግን 24ቱን ብቻ ነበር። የቀሩት 8 ቢቶች ሥራ ፈት ሆነው ሲገኙ ፕሮግራመሮች፣ አፕል ራሱም ጭምር፣ ሌላ መረጃ ማስቀመጫ አደረጓቸው። በኋላ ሙሉ 32 ቢት የሚያነብ ፕሮሰሰር ሲመጣ እነዚያ ፕሮግራሞች አድራሻቸው ተዘበራረቀ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሲስተም 7 ሲወጣ በ32 ቢት አድራሻ መሥራት ቢቻልም አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች መታረም ነበረባቸው። ቦታ ተርፎ ሲታይ መያዝ ቀላል ነው፤ መልቀቁ ነው የሚያስቸግረው።

የአይቢኤም ትላልቅ ሜይንፍሬሞች ደግሞ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የሠሩት በ31 ቢት ነው። አዎ፣ 31! አንዷ ቢት «ይህ ፕሮግራም የድሮውን የ24 ቢት አድራሻ ነው ወይስ አዲሱን የሚጠቀመው?» የሚለውን ለመለየት ስለተያዘች ጣሪያው 2 ጊጋባይት ሆነ።

4 ጊጋባይቱ እንዴት ይከፈላል?

32 ቢት ኮምፒውተር ላይ አንድ ፕሮግራም 4 ጊጋባይት አድራሻ አለው አልን። ግን ሁሉንም አያገኝም። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ከዚያው ዝርዝር ላይ ድርሻውን ያነሳል። የድርሻው መጠን እንደ ሲስተሙ ይለያያል።

32 ቢት ዊንዶውስ እኩል ነው የሚካፈለው፤ 2 ጊጋባይት ለፕሮግራሙ፣ 2 ጊጋባይት ለሲስተሙ። ሲስተሙ ሲነሳ በሚሰጥ ልዩ ትእዛዝ የፕሮግራሙን ድርሻ 3 ጊጋባይት ማድረግ ይቻላል። ይህን የሚያገኘው ግን ፕሮግራሙ ሲሠራ «ከ2 ጊጋባይት በላይ ያለ አድራሻ እችላለሁ» የሚል ምልክት የተደረገበት ከሆነ ብቻ ነው። ሊኑክስ ደግሞ በ32 ቢት ኢንቴል ላይ በተለመደው አሠራሩ 3 ጊጋባይቱን ለፕሮግራሙ ሰጥቶ ለራሱ 1 ያስቀራል። ሚፕስ በተባለው ፕሮሰሰር ላይ ግን ክፍፍሉን የወሰነው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው፤ በ32 ቢት ሚፕስ ለተጠቃሚ ፕሮግራም የተፈቀደው የታችኛው 2 ጊጋባይት ነው፤ አለቀ።

በተጨማሪ 2 ጊጋባይቱም ቢሆን ሙሉ ሜዳ አይደለም። ፕሮግራሙ የሚጠራቸው የሲስተም ፋይሎች እዚህም እዚያም ይቀመጡበታል። ስለዚህ ባዶ ቦታው ተደምሮ ብዙ ሆኖ ሳለ አንድ ወጥ ትልቅ ቦታ ሊጠፋ ይችላል። አውቶቡስ ውስጥ ተበታትነው 5 ባዶ ወንበሮች እያሉ 5 ሰው ያለው ቤተሰብ አንድ ላይ መቀመጥ እንደማይችለው ማለት ነው። «በቂ ሚሞሪ የለም» የሚለው መልእክት 2 ጊጋባይቱ ሳይሞላ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

«ፕሮሰሰሩ 64 ጊጋባይት ይችላል» ሲባልስ?

አንዳንድ ሰው «የ32 ቢት ፕሮሰሰርም እኮ ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም ይችላል» ሲል ትሰሙ ይሆናል። እውነቱን ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ፔንቲየም ፕሮ በተባለው ፕሮሰሰር ላይ የራሙን አድራሻ ብቻ ወደ 36 ቢት አሳደገው። በዚህም እስከ 64 ጊጋባይት ራም መሰካት ተቻለ። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ያደገው የራሙ አድራሻ እንጂ የፕሮግራሙ አድራሻ አይደለም። ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ላይ 64 ጊጋባይቱን ሊከፋፈሉት ይችላሉ። አንድ ፕሮግራም ለብቻው ግን በተለመደው አሠራር ያው በ32 ቢት ቁጥሩ ተወስኖ ይቀራል። ከተማው ሰፋ፤ የእያንዳንዱ ነዋሪ የማውጫ ደብተር ግን እዚያው ነው።

በዚያ ላይ ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጠው 32 ቢት ዊንዶውስ፣ ለምሳሌ ዊንዶውስ 7፣ ፕሮሰሰሩ ቢችል እንኳ ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም አይጠቀምም። ከዚያም ላይ የተወሰነው አድራሻ ለስክሪን ካርድና ለሌሎች ዕቃዎች ስለሚያዝ በተግባር የሚታየው ከ4 ያነሰ ነው። ወደ ልጁ ኮምፒውተር እንመለስ። 8 ጊጋባይት ራም ሰካ፤ 32 ቢት የሆነው ዊንዶውስ ግማሹን ጭራሽ አላየውም፤ ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ደግሞ ከታየውም ላይ 2 ጊጋባይት ብቻ ነው የሚደርሰው። የገዛው ራም ከሥራ ውጭ ሆኖ ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

64 ቢት ምን ለወጠ?

64 ቢት ፕሮሰሰሮች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ነበሩ። ኢንቴልም እ.ኤ.አ. በ2001 አይታኒየም የሚባል አዲስ ዓይነት አውጥቶ ነበር። ነገር ግን በየቤታችንና በየቢሮው የገባው ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2003 ይዞት የመጣው፣ አሮጌውን የ32 ቢት ፕሮግራምም ሳያስቸግር የሚያሠራው ዓይነት ነው። ኢንቴልም ቆይቶ ይህንኑ ተከተለ።

በወረቀት ላይ 64 ቢት 16 ኤክሳባይት ይሰጣል። በተግባር ግን ፕሮሰሰሮቹ ሁሉንም ቢት አይጠቀሙም። የኤኤምዲው ዓይነት የጀመረው በ48 ቢት ሲሆን ይህም 256 ቴራባይት ነው። ግማሹ ለሲስተሙ፣ ግማሹ ማለትም 128 ቴራባይቱ ለፕሮግራሙ ይሆናል። ሊኑክስ ይህን 128 ቴራባይት ይሰጣል። ዊንዶውስ ግን እስከ ዊንዶውስ 8 ድረስ ለአንድ ፕሮግራም የሚሰጠው 8 ቴራባይት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው 8.1 ጀምሮ ነው 128 የሆነው። በአይታኒየም ላይ ደግሞ ያው ዊንዶውስ 7 ቴራባይት ነበር የሚሰጠው። አዳዲስ የኢንቴል ሰርቨር ፕሮሰሰሮች አድራሻውን ወደ 57 ቢት አሳድገውታል።

የሞቶሮላው ታሪክም ትምህርት ሆኗል። ኤኤምዲ ሥራ የፈቱት የላይኛዎቹ ቢቶች የግድ ከ48ኛዋ ቢት ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆኑ አዘዘ፤ አድራሻው እንዲህ ካልሆነ ፕሮሰሰሩ አይቀበለውም። ስለዚህ ቢቶቹ ነገ ሲፈለጉ ባዶ ሆነው ይገኛሉ።

ስልኮቻችን የሚሠሩበት አርም የተባለው ፕሮሰሰርም በዚሁ መንገድ አልፏል። የመጀመሪያው 64 ቢት ስልክ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አይፎን 5ኤስ ነው። አርም በ64 ቢት ላይ ለፕሮግራሙና ለሲስተሙ ሁለት የተለያዩ ማውጫዎች ስላሉት በ48 ቢት ፕሮግራሙ 256 ቴራባይቱን ለብቻው ሊያገኝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 አፕል በአይፎን ላይ 32 ቢት አፖችን ማስኬድ አቆመ። ጉግልም ከኦገስት 2019 ጀምሮ በፕሌይ ስቶር የሚወጡ አፖች የ64 ቢት ቅጂ እንዲኖራቸው አስገደደ።

ለእኛ ሙያ ምን ማለት ነው?

ጽሑፍ ብቻ ብንጽፍ ኖሮ ይህ ሁሉ ባላስጨነቀን። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተለመደ አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። 2 ጊጋባይት ውስጥ ከ700 ሚሊዮን በላይ ፊደል ይገባል፤ ይህንን ጽፎ የሚጨርስ ሪፖርተር የለም። ድምፅ ግን ከበድ ይላል። በሲዲ ጥራት የተቀዳ ስቴሪዮ ድምፅ ኤዲተሩ ውስጥ በ32 ቢት ናሙና ሲያዝ ለ1 ሰከንድ 352,800 ባይት ይፈጃል፤ 2 ጊጋባይት 1 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ገደማ ይይዛል ማለት ነው።

ቪዲዮው ነው ጉዱ። 1920 በ1080 የሆነ አንድ ምስል ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ብናስብ ወደ 8.3 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። በሰከንድ 25 ምስል ካለን 2 ጊጋባይት የሚበቃው ለ10 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በ4ኬ ደግሞ 3 ሰከንድ አይሞላም። ሶፍትዌሮቹ ሁሉንም ምስል በአንድ ጊዜ ሚሞሪ ላይ ባያስቀምጡም ኢፌክት፣ ጽሑፍና ብዙ ትራክ ሲደራረብ ጣሪያው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

የሶፍትዌር ኩባንያዎቹም ያውቁታል። አዶቢ ፕሪሚየር ፕሮን እ.ኤ.አ. በ2010 በሲኤስ5 ሲያወጣ በ64 ቢት ሲስተም ላይ ብቻ እንዲሠራ አደረገው። አፕልም 32 ቢት የነበረውን ፋይናል ከት ፕሮ 7ን ትቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ፋይናል ከት ፕሮ ኤክስን በ64 ቢት ሠራ። ለሬዲዮ ሥራችን የምንጠቀምበት ኦዳሲቲ በዊንዶውስ ላይ 64 ቢት የሆነው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት አሮጌ ቅጂዎች ግን ዛሬም 32 ቢት ናቸው። ዋናው መልእክቴ እዚህ ላይ ነው፤ ፕሮሰሰሩም ሲስተሙም 64 ቢት ሆነው ሶፍትዌሩ 32 ቢት ከሆነ ጣሪያው ያው 2 ጊጋባይት፣ ያ ቀደም ያልነው ምልክት ካለው ደግሞ 4 ጊጋባይት ነው።

ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንደኛ፦ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ነው? ካለፉት 15 ዓመታት ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ናቸው።

ሁለተኛ፦ የተጫነው ኦፕሬቲንግ ሲስተምስ? በዊንዶውስ ላይ የኮምፒውተሩ መግለጫ ገጽ «የሲስተም ዓይነት» በሚለው ሥር ሁለቱንም ይነግረናል። ለአሮጌ ማሽን ፎርማት ሲደረግ ባለሙያው እጁ ላይ የተገኘውን 32 ቢት ዊንዶውስ ሊጭን ስለሚችል ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፦ ሶፍትዌሩ ራሱስ? ታስክ ማናጀር ሲከፈት በ32 ቢት የሚሠራ ፕሮግራም ስሙ አጠገብ 32 የሚል ቁጥር ይጻፍበታል። በቃ፣ ይህን ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ሦስቱም 64 ከሆኑና ኮምፒውተሩ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ያን ጊዜ ራም መግዛት ያዋጣል። ከሦስቱ አንዱ 32 ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱን መቀየር ነው። በተቃራኒው ደግሞ 64 ቢት ሁልጊዜ ይሻላል ማለትም አይደለም። በ64 ቢት እያንዳንዱ አድራሻ በ4 ባይት ፈንታ 8 ባይት ስለሚይዝ ሲስተሙ ራሱ ብዙ ሚሞሪ ይበላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት ለ32 ቢት 1 ጊጋባይት፣ ለ64 ቢት 2 ጊጋባይት ነው። ራሙ 2 ጊጋባይት ብቻ የሆነና ከዚያ በላይ የማይቀበል ማሽን ያለው ሰው 64 ቢት ቢጭን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራችን ረጅም ቃለ ምልልስ ስንቀዳ ፋይሉን 4 ጊጋባይት ላይ የሚቆርጠው ከራም ጋር የተያያዘ ነገር አይደለም። ፋት32 የተባለው የሚሞሪ ካርድ አደረጃጀት የፋይሉን መጠን የሚጽፈው በ32 ቢት ስለሆነ ነው። ቦታው ሌላ ቢሆንም ቁጥሩ ያው ነው። እነዚያን ቁርጥራጮች አንዱን «ትርፍ ነው» ብሎ መሰረዝ የቃለ ምልልሱን ግማሽ መሰረዝ ስለሆነ ጥንቃቄ ይደረግ።

በክፍል ውስጥ መምህሮቻችን «ምንጭህ ያለህን ሁሉ አትመን፤ አጣራ» ይሉናል። «ራም ጨምር» የሚለውም ምክር እንደማንኛውም ወሬ ሊጣራ ይገባዋል። ዲፓርትመንታችንም ለላቡ ዕቃ ሲገዛ በጨረታ ዝርዝሩ ላይ የራሙን መጠን ብቻ ሳይሆን ሲስተሙም ሶፍትዌሩም 64 ቢት መሆናቸውን ቢያስጽፍ፣ በማስረከቢያ ዋዜማ የሚጠፋው የተማሪ ሥራ ይቀንስ ነበር። እስከዚያው ድረስ ግን በየ5 ደቂቃው ሴቭ ማድረግን የሚተካ ፕሮሰሰር አልተሠራም። ቸር ያሰንብተን።